ባለቤቱን ጠይቁ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1999

አልከፍት አለኝ። ጠዋት መብራት ሲመጣ ሱቄን ከፍቼ ኮምፒውተሩን አበራሁ። የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም እንደ ልማዱ ራሱ ተነሳ፤ ግን ገጹን በማምጣት ፈንታ በሰማያዊ ስክሪን ላይ «ፈቃድዎ አልታወቀም፤ ኮድ ያስገቡ» ብሎ ተገተረ። ከሥሩ ረጅም ቁጥር። ጥግ ላይ ደግሞ ቀን ጽፏል፦ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972።

አጠፋሁት፣ አበራሁት። አሁንም 1972። ሰደብኩት። ስድብ አንዳንድ ቀን ይሠራል፤ ዛሬ አልሠራም።

የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ መምህር ሰለሞን በምሳ ሰዓት መጥቶ ሆዱን ከፈተው። ሰዓቱን የምትጠብቅለት፣ የካፖርት ቁልፍ የምታክል ባትሪ ሞታለች አለ። እሷ ከሞተች ማሽኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ዘመኑን ይረሳና ወደዚያ ቀን ይመለሳል። አዲስ ባትሪ ከወልድያ ይመጣል።

«ባትሪው ቢመጣም ግን ፕሮግራሙ አይለቅሽም» አለኝ። «ሰዓት ሲዛባበት የተሰረቀ ይመስለዋል። የሠራው ሰው አዲስ ኮድ ካልሰጠሽ አይከፍትም። ያ ድርጅት ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል።»

የሰው ማመልከቻ ቢዘገይ ባለቤቱ ይጮኻል እንጂ ምን ይሆናል። እኔን የጨነቀኝ የመምሬ ኪሮስ ስሞች ናቸው።

መምሬ ኪሮስ የአጥቢያችን ቄስ ናቸው። በ77ቱ ረሃብ ከኛ አገር ያለቁትን ሰዎች ስም በቃላቸው ይዘው ነው የኖሩት። የቀበሩት እሳቸው ናቸው፤ አንዳንዱን ለብቻው፣ አንዳንዱን ከነቤተሰቡ በአንድ ጉድጓድ። ዓይናቸው ሲጠፋ ስሞቹም እንዳይጠፉ ብለው ክረምቱን ሙሉ እዚህ በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ሲነግሩኝ፣ እኔ ስጽፍ ከረምን። የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የማን ልጅ። ለኅዳር ሚካኤል፣ በደብራችን ንግሥ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ሊጠሩ ነው። የፕሪንተሩ ቀለም የደረሰኝ ቅዳሜ ነው። ዛሬ ላትማቸው ነበር። በወረቀት የትም የሉም፤ ያሉት እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

ከነሱ አንዷ አዝመራ ናት። እኅቴ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

መምሬን ልጃቸው አመጣቻቸው። የሆነውን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «እንግዲያስ እንደገና ልንገርሽ፣ ጻፊ» አሉ።

ደብተር አወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ውኃ ወረዱ። ከዚያ የአንዱን ቤት ሰዎች ሁለቴ ነገሩኝ። ቆየት ብለው እነዚያኑ እንደገና። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ያደርጋቸዋል፤ ልጃቸው ከጀርባቸው ሆና በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

«ከወንዙ ወዲያ ያሉትስ፣ መምሬ?» አልኳቸው።

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። «ነግሬሽ የለም እንዴ፣ ታደለች?» አሉ በመጨረሻ። ነግረውኛል።

ስክሪኑ ምን ምን እንደሚል ሳላስቀር እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። ከቁጥሩ በታች በደቃቅ ፊደል ያለውንም፣ ይህን ሁሉ ዘመን አይቼው አንብቤው የማላውቀውን፦ «ይህን ሥራ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የቀዳ፣ የሰበረ፣ ለሌላ ያሳለፈ፣ የተወገዘ ይሁን።»

መምሬ መቋሚያቸውን ጨበጡ። «ግዝት አለበታ!»

በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ዓይነት ነው። ሠሪው ለጨዋታ የጻፈው መሆን አለበት። ሰለሞን እንደሚለው የፈረንጆቹም ፕሮግራሞች ሁሉ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አላቸው፣ ማንም አያነበውም እንጂ። መምሬ ግን ወዲያው ወደ ሥርዓቱ ገቡ።

«ሰውዬው ክህነት ነበረው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ መምሬ!»

«ክህነት ከሌለው ባዶ ቃል ነው። ካለው ግን ታስሯል። በታሰረ ነገር የሙታን ስም አላስጠራም። ባለቤቱን ፈልጊው።»

ልጃቸው ወደ ገበያ ስትወጣ እኔም ዳቦ ልገዛላቸው ወጣ አልኩ። ይህ ፕሮግራም ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ለረጅም ጊዜ ካልነኩት ስክሪኑን ያጨልምና በነጭ ፊደል «አላችሁ?» ብሎ ይጽፋል። ሠሪው ያስቀመጠው ቀልድ ነው። ለምጄዋለሁ፤ «አለን፣ አለን» እያልኩ ነው ኪቦርዱን የምነካው። ስመለስ «አላችሁ?» ይላል። መምሬ ፊታቸውን ወደዚያው አዙረው፣ ጆሯቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«ማን ነው የጠራን?» አሉኝ።

ማሽኑ ድምፅ የለውም። ስክሪኑ ሲጨልም ቀጭ ይላል፤ እሱን ሰምተው ይሆናል። እሱን ነው የሰሙት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ጠበቃው ጋሽ ደምሴ የክርክር ጽሑፋቸውን ሁሉ የሚያስጽፉት እኔ ዘንድ ነው፤ የሳቸውም ሥራ ቆሟል፤ ስለዚህ ምክሩ በነጻ።

«ድርጅቱ ተዘግቷል፤ ገበያ ላይ የለም፤ የሚፈልገውም የለም» አልኳቸው። «የተጣለ ዕቃ ነው ብዬ ባሰብረውስ?»

«ሱቁ ተዘጋ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም» አሉ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «የተተወ ፕሮግራም የሚባል ነገር ሕጉ አያውቅም። በአዲሱ አዋጅ ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ነው የሚታየው። ደራሲው ቢሞት እንኳ መብቱ ለወራሾቹ ያልፋል፣ ያውም ለብዙ ዘመን። ለመሆኑ አንቺ ማሽኑን ከማን ነበር የገዛሽው?»

ከእርዳታ ፕሮጀክቱ ጨረታ፣ ቢሯቸውን ዘግተው ሲሄዱ።

«ብረቱን ገዛሽ። ፈቃዱ የተሰጠው ግን ለፕሮጀክቱ ነው። ላንቺ ስለማስተላለፋቸው ወረቀት አለሽ?»

የለኝም። ይህን ሁሉ ዓመት በሰው ዕቃ እንጀራዬን ስበላ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

«ስሞቹስ? የኛ ሰዎች ስም የማን ነው?»

«ስሞቹ የናንተ ናቸው። ቁልፉ ነው የሰው።»

«ቢሰበርስ ማን ይከሰኛል?»

«ማንም። ከሳሽ ስለጠፋ ግን መብት አይጠፋም» ብለው ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። እንዴት እንደሚያናድዱ! ከመምሬ ጋር ተማክረው የመጡ ነው የሚመስሉት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

አልቻልኩም። ሰለሞንን ጠራሁት። መስበሪያ የሚሉት ነገር አለው፤ ከወልድያ ጓደኛው ያገኘው። ለመምሬ አልነገርኩም። ለጋሽ ደምሴም።

መጀመሪያ ሠራ። ኮድ የሚጠይቀው ስክሪን ሄደ፣ ነጩ ገጽ መጣ። በደስታ ጮኼ የሰለሞንን ትከሻ መታሁት። የስሞቹን ፋይል ከፈትኩ።

መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው። ተራ ቁጥራቸውም። በየመስመሩ ላይ ግን ስም በነበረበት ቦታ «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል። ወደ ታች ወረድኩ። ባለቤቱን ጠይቁ። ባለቤቱን ጠይቁ። ሌላ ገጽ፣ ያው። አዝመራ ያለችበትን መስመር በልቤ አውቀዋለሁ፣ እዚያም ደረስኩ። ባለቤቱን ጠይቁ።

ሰለሞን ወጥመድ ነው አለ። ሠሪው ፕሮግራሙን የሰበረ ሰው እንዲደነግጥ ያኖረው ነው፣ ፋይሉ አልተነካም። እንዲህ ብሎ አጽናናኝና መስበሪያውን አውጥቶ ሁሉን ወደ ነበረበት መለሰው። ራሱ ግን የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ነው የሄደው።

ፈራሁ። ይኸው ጻፍኩት። የፈራሁት ግዝቱን አይደለም። እነዚያ ሰዎች አንድ ጊዜ ሞተዋል፤ መልካቸውን የሚያስታውስ የለም፤ ፎቶ የላቸውም፤ የቀራቸው ስም ብቻ ነበር። ዛሬ እሱም ሲነጠቅ በዓይኔ አየሁ። አዝመራ እኔን አዝላ ነው ወደ እርዳታ ጣቢያው የወረደችው። እኔ ደረስኩ። ፊቷን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው የማጅራቷን ጠረን ነው። የሷን ነገር የምጠይቀው ባለቤት ማን ነው?

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ማሽኑን ስገዛ ከነካርቶኑ ነበር። ዛሬ ካርቶኑን ከቆጡ አውርጄ ፈተሽኩት። የፕሮግራሙ ፍሎፒዎች አሉ፣ በአንዱ ላይ የአዲስ አበባ ስልክ ተጽፏል። የድሮ ቁጥር ነው። ጎረቤቴ እትዬ ሰላማዊት ሱቋ ውስጥ ስልክ አላት፤ አሁን ከፊቱ የሚጨመረውን ቁጥር ጨምራ ደወለችልኝ።

ጠራ። ወንድ አነሳ። ረጋ ያለ ድምፅ፣ ትንሽ ያስለዋል። «ጤና ይስጥልኝ። የደወሉት ስለ ፕሮግራሙ ከሆነ በደስታ እረዳዎታለሁ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከሰቆጣ ነው የምደውለው አልኩት። ስለ ባትሪው፣ ስለ መምሬ፣ በ77 ስላለቁት ሰዎች፣ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ አወረድኩለት። ብቻ እሱም ይናገራል፤ እኔ ስናገር አያቋርጥም። «ለጊዜው ከቢሮ ወጣ ብያለሁ። ስምዎንና ስልክዎን ይንገሩኝ፣ እመለሳለሁ።» ከዚያ ጢጥ አለ። ከዚያ ዝምታ፤ ግን ያልተዘጋ ዝምታ፣ ወዲያ ማዶ ሰው የቆመበት ዓይነት።

እትዬ ሰላማዊት በሳቅ ሞተች። አዲስ አበባ ዘመዶቿ ቤት አይታለች፤ ሰው በሌለ ጊዜ የሚመልስ ቴፕ ነው። አፍሬ ስሜንና የሷን ስልክ ተናገርኩና ዘጋሁ።

ይሁን። ሰውየው ግን አለ። እመለሳለሁ ብሏል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

እትዬ ሰላማዊት ከሱቋ ጮኸች፦ «ታደለች! አዲስ አበባ!»

ሮጥኩ። የሴት ድምፅ ነው፣ ያረጀ።

«ትናንት ከልጄ ጋር ያወራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ። እሱስ አለ?»

«ልጄማ ካረፈ ሦስት ዓመት አለፈው።»

እማማ የሺ ይባላሉ። ስልኩ እንዳይቆረጥ እየከፈሉ እስካሁን አቆይተውታል። «ድምፁ የቀረው እዚያ ላይ ነዋ» አሉ። «ሰው ሲደውል ከማጀት ሆኜ እሰማዋለሁ። አላነሳም። ካነሳሁ እሱ ያቆማል። ያንቺን ግን ሰማሁት። ስለ ሙታኑ ስትነግሪው ቆሜ ሰማሁት።»

ነፍስ ይማር አልኩ። ከዚያ አፌ ላይ የመጣልኝ የመምሬ ጥያቄ ሆነ፣ ክህነት ነበረው ወይ።

«ልጅ ሆኖ ዲያቆን ነበር። ቁም ጽሕፈትም ተምሯል። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ፊደሎች ብራና ፊቱ ዘርግቶ ነው የሠራቸው። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ነገርኳቸው። ስለ ግዝቱ ሲሰሙ ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ሚስትም ልጅም እንዳልነበረው ነገሩኝ። ወራሹ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ኮዱን ማን እንደሚያውቅ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ናቸው! ልጃቸው ሲወጣ ለደንበኞች ኮድ የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። ደንበኛው ቁጥሩን ይነግራቸዋል፣ በልጃቸው ማሽን ያስገባሉ፣ የወጣውን ያነቡለታል።

«ማሽኑ ክፍሉ ውስጥ ነው። ጨርቅ አልብሼዋለሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ አብርቼው አላውቅም።»

«ምነው፣ እማማ?»

«ብቻዬን ስሆን ይጠይቀኛላ። አላችሁ እያለ።»

መስመሩ ውስጥ የሳቸውን ትንፋሽ እሰማለሁ።

«ላስብበት፣ ልጄ» አሉ። «ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደውዪልኝ።»

ላስገድዳቸው አልቻልኩም። ኅዳር ሚካኤል ማክሰኞ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ከስክሪኑ ሥር ያለውን ረጅም ቁጥር መዳፌ ላይ ጽፌ ደወልኩ። መጀመሪያ ያው የልጃቸው ድምፅ። «ጤና ይስጥልኝ...» መሀል ላይ ተቋረጠ። እማማ የሺ አነሱት።

«ላብራልሽ ነው» አሉኝ። «ዋጋ አልፈልግም። መፍቀዴንም በወረቀት ጽፌ እልክልሻለሁ፣ ጠበቃሽ ደስ ይበለው። አንድ ነገር ብቻ። እዚያ ስም የሚጠራ ከሆነ የሱንም አስጠሪልኝ። እዚህ እስካለሁ እኔ አስጠራዋለሁ። እኔ ስሄድ ግን ማንም የለው።»

የክርስትና ስሙ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። እሱንም መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

እጀታውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ ሰማሁ። እግራቸው ሲሄድ። በር። ከዚያ ያቺ የማውቃት ድምፅ፣ አሮጌ ማሽን ሲነሳ የሚያሰማት ማጉረምረም። ረጅም ጊዜ ምንም። እትዬ ሰላማዊት ስኳር መመዘኗን ትታ ታየኛለች።

«በራ» አሉ ተመልሰው። ቁጥሬን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። የወጣውን አንድ በአንድ አነበቡልኝ። መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። «ተመልከቺ፣ እጄን ካነሳሁ እኮ ቅጽበት ነው። ይኸው አሁንም ይጠይቀኛል።»

«ምን ብለው መለሱለት?»

«አለሁ አልኩት። ምን እላለሁ?»

ወደ ሱቄ ሮጥኩ። አስገባሁት። ተከፈተ።

ሁሉም አሉ። ከወንዙ ወዲያ ያሉትም፣ በአንድ ጉድጓድ የተቀበሩትም። አዝመራ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን። ኃይለ ጊዮርጊስን መጨረሻ ላይ ጨመርኩትና ማተም ጀመርኩ። መብራት እንዳይሄድ አምላኬን እየለመንኩ አንዱን ገጽ ስቀበል፣ ሌላውን ስቀበል። የመጨረሻው ወረቀት እጄ ላይ ሲወድቅ አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ። እትዬ ሰላማዊት ነጠላዋን እያዘቀዘቀች እየሮጠች ገባች።

«ማን ሞተ?»

«ሁሉም» አልኳት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መብራት ሄደ። ይሂድ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ወረቀቱን ይዤ ወደ አገር ቤት ወጣሁ። መምሬ ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ሳሙት። ስለ እማማ የሺ ሁሉን ነገርኳቸው።

«ባለቤቷ ከፈቀደች ተፈትቷል» አሉ። «ግዝቱ የሚይዘው ያለ ፈቃድ የነካውን ነው። አንቺ አልነካሽም፤ አይደል?»

የሐሙሱን ነገር ተናዘዝኩ። ከባድ ስግደት ሰጡኝ፤ ጉልበቴ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ሰለሞንም ይስገድ ብለዋል። ነግሬው ፊቱን ለማየት ቸኩያለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት

ተጠሩ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ሕዝቡ በዋርካው ሥር እንደተሰበሰበ፣ ዲያቆኑ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። መምሬ አጠገቡ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። ከታች ከየመንደሩ ኅዳር ሲታጠን የሚነደው የጥራጊ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ነፋስ የሚባል አልነበረም። በየስሙ ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ድምፅ ያሰማል። አንዳንዴ ዋይታ፣ አንዳንዴ «የኔ» የሚል ብቻ። ምንም ድምፅ የማይመጣለትም ቤት አለ። ያኔ መምሬ ራሳቸው «አለሁ» ይሉላቸዋል።

«አዝመራ፣ ወለተ ኪዳን» ሲል «የኔ» አልኩ። ከገዛ አፌ የወጣ አልመሰለኝም።

መጨረሻ ላይ «ኃይለ ጊዮርጊስ» ብሎ አነበበ። ዝም። መምሬ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ቆይ። ይህን እኔ አልቀበርኩትም። የማን ልጅ ነው?»

ትናንት ነግሬያቸው ነበር። ረስተውታል። ሌሎቹን ሁሉ ይረሳሉ እያልን ስንፈራ እንግዳውን ከመሀላቸው ለይተው አወቁት።

«የእማማ የሺ ልጅ ነው፣ መምሬ። እናቱ ናቸው ቁልፉን የሰጡን።»

«እንግዲያስ የኛ ነው» አሉ። ሕዝቡም «ነፍስ ይማር» አለለት፤ አንዲት አሮጊት ከኋላ ስለማታውቀው ልጅ ስታለቅስ ሰማኋት።

ከሰዓት በኋላ ወርጄ ሱቄን ከፈትኩ። እሑድ ማብሪያውን ሳላጠፋ ሄጄ ኖሮ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ተነስቶ ጠበቀኝ። ያው እንደገና ተቆልፏል። ጨለማው ላይ «አላችሁ?» ይላል። ኪቦርዱን ነካሁ፤ ሰማያዊው መጣ፣ ጥግ ላይ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972።

ላጠፋው እጄን ዘርግቼ ቀረሁ። በዚህ ቀን አዝመራ አለች። ምናልባት ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች፤ እኔ ጀርባዋ ላይ ነኝ። የመምሬ ዓይን ያያል። አዲስ አበባ አንድ ዲያቆን ልጅ ፊደል ይማራል። ከጠራናቸው ሰዎች አንዱም አልሞተም።

ባትሪው ሐሙስ በአውቶቡስ ይደርሳል። ለእማማ የሺም ያን ቀን ደውዬ ሌላ ኮድ እለምናቸዋለሁ። እስከዚያ ማብሪያውን አልነካውም። ስክሪኑ እስኪጨልም ቆሜ ጠበቅሁት። ሲጠይቀኝ ሳልቀልድ፣ ጮክ ብዬ «አለን» አልኩትና በሩን ቆልፌ ወጣሁ።